ጫጩትን ከደጋ ብርድ ስለ ማዳን

ይህ ትምህርት በጓሯችሁ ዶሮ ለምታረቡ የደጋ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች፤ እንዲሁም ከእናንተ ጋራ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው።

እንደምታውቁት፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ፀሐይ፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ጥር በደብረ ብርሃን፤ በመንዝ፤ በደባርቅና እነዚህን በመሰለ ከፍተኛ አገር ሁሉ ባቄላውን የሚያቃጥለው ብርድ ወደ ዶሮ ቤትም ይገባል። ሲነጋ በሩ ሲከፈት ጫጩቶቹ በአንድ ማዕዘን ተቆልለው፤ ከሥር የነበሩት ታፍነው፤ ከዳር የነበሩትም ደርቀው ይገኛሉ። 50 ጫጩት የገዛ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ 20ውን ቢቀብር፤ የቀበረው የልጆቹን ደብተርና የዓመቱን ጨው መግዣ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት የሚወስዱ ቤተሰቦች በዝተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል።

የትምህርታችን ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሙቀቱ ያለው በዶሮይቱ ሰውነት ውስጥ ነው። የእኛ ሥራ ያንን ሙቀት ነፋስ እንዳይወስደው፤ እርጥበት እንዳያጠፋው፤ ረኀብም እንዳያሳንሰው መጠበቅ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ጫጩቱን ያድናል።

1ኛ. ብርድ ጫጩትን የሚገድለው ስለ ምን ነው?

የአንዲት ጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ይህም ከሰው ሙቀት በ4 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። ያደገች ዶሮ ብርድ ሲሰማት ላባዋን ነፋ ታደርጋለች። በላባው መካከል የሚያዘው አየር እንደ ጋቢ ይሆናትና ብርዱን ትችላለች።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ግን የለበሰው ቀጭን ለስላሳ ፀጉር ብቻ ነው። ሰውነቱም ሙቀቱን በራሱ ለማስተካከል ገና አልቻለም። ይህን ችሎታ ቀስ በቀስ የሚያገኘው በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ነው። ላባው የሚሟላለት ደግሞ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ሙቀት ከውጭ ያስፈልገዋል ወይም የራሱ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚይዝለት ነገር ያስፈልገዋል።

ለዚህም መለኪያው የሚከተለው ነው። በ1ኛው ሳምንት ጫጩቱ በሚተኛበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሊኖር ይገባል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ፤ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ቴርሞ ሜትር ያለው ሰው መለካት ያለበት በግድግዳው ላይ ሳይሆን በጫጩቱ ጀርባ ከፍታ፤ ይኸውም ከጉዝጓዙ በላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው።

ስለ አገር ከፍታም አንድ ነገር እናስብ። ጫጩት አስፈልፋዮች በብዛት የሚገኙበት ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። እንግዲህ በቢሾፍቱ የለመደ ጫጩት በአንድ ቀን መኪና 900 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፤ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ የሚበርድ አገር ውስጥ ገባ ማለት ነው። የ45 ቀን ጫጩት እንኳ ቢሆን በመጡበት ሌሊት ባዶ ቤት ውስጥ ሊጣል አይገባውም። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ፤ ነፋስ በማያገኘው ጠባብ ቦታ ይክረም።

2ኛ. ጫጩቱ ራሱ ይናገራል

ቴርሞ ሜትር የሌለው ሰው አይጨነቅ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ሂዱና ተመልከቱ፤ አድምጡም።

ሀ/ ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ከተቆለሉና በቀጭን ድምፅ አጥብቀው ከጮኹ፤ በርዷቸዋል።
ለ/ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ብቻ ከሸሹ፤ ከወዲያኛው ወገን ነፋስ ይገባል። ቀዳዳውን ፈልጋችሁ ድፈኑ።
ሐ/ ተበታትነው፤ ክንፋቸውን ዘርግተውና አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ፤ ሙቀቱ በዝቷል።
መ/ ልብስ እንደተነጠፈ ዘርዘር ብለው ከተኙና ድምፃቸው ዝግ ካለ፤ ደኅና ናቸው። እናንተም ሄዳችሁ ተኙ።

3ኛ. የድርቆሽ ሣጥን አሠራር

መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት አገር ሁሉ የሚጠቅመው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ሄይ ቦክስ የሚባለው የድርቆሽ ሣጥን ነው። እሳትም ነዳጅም አይፈልግም። ጫጩቶቹ አንዱ ሌላውን ያሞቃል፤ ድርቆሹ ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሚባለው፤ ለአንድ ጫጩት የሚከብደው ብርድ ለ50ው ይቀላል። ስለዚህም ሣጥኑ ለጥቂት ጫጩት አይሆንም። ለ50 ያህል ጫጩት የሚሆነው እንዲህ ይሠራል።

አንደኛ፤ ርዝመቱና ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፤ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የውጭ ሣጥን ከጣውላ ወይም ከተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ሥሩ። ጣውላ የሌለው ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ሠርቶ በጭቃ ይምረገው።

ሁለተኛ፤ በውስጡ ርዝመቱና ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ሣጥን አስገቡ። ይህም በካርቶን ወይም በሳጠራ ሊሠራ ይችላል። በሁለቱ መካከል በአራቱም ወገን 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ያንን ክፍት ቦታ በደረቅ ድርቆሽ ወይም በጭድ ሙሉት። አጥብቃችሁ አትጠቅጥቁት። ሙቀት የሚይዘው በሣሩ መካከል ያለው አየር ስለ ሆነ፤ የተጠቀጠቀ ሣር ሥራውን አይሠራም። ሻጋታ የያዘ ድርቆሽም አታግቡ፤ የጫጩቱን ሳንባ ይጎዳል።

አራተኛ፤ ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አንጥፉ። የጤፍ ወይም የገብስ ገለባ፤ ሰጋቱራም ይሆናል። ጋዜጣና ላስቲክ ብቻውን አታንጥፉ። ጫጩቱ ያንሸራትተውና እግሩ ይከፈታል።

አምስተኛ፤ ለክዳኑ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ወስዳችሁ በድርቆሽ ሙሉና እንደ ትራስ ስፉት። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ግድም ይሁን። ትራሱ አየር ከሚያስገባው ከረጢት ይሠራ እንጂ በላስቲክ አይሸፈን።

ስድስተኛ፤ በአንድ ወገን፤ ከወለሉ አጠገብ፤ ሁለቱንም ሣጥን የሚያሳልፍ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ቁረጡ። በሩ ፊት ለፊት ርዝመቱ 2 ሜትር፤ ስፋቱ 1 ሜትር፤ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መዋያ አያይዙ። ጭልፊት፤ ድመትና ሸለምጥማጥ እንዳይገቡ ሽቦው ከላይም ይሸፈን።

4ኛ. በሣጥኑ አጠቃቀም

ቤቱ የሚዘጋጀው ሙሽራይቱ ሳትመጣ ነው። ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ሣጥኑን በፀሐይ አድርቁ፤ ጉዝጓዙንም አንጥፉ። በደረሱ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጣቸው ለብ ያለ ውሃ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም፤ ይኸውም 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ስኳር በጥብጡና የእያንዳንዱን ጫጩት አፍ ነከር አድርጉ። ምግቡ ከውሃው በኋላ ይቀርባል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቱ የራሱ ሙቀት አነስተኛ ስለ ሆነ ውርጭ በሚወርድበት አገር እርዳታ ያስፈልገዋል። 5 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፤ በጆንያ ጠቅልላችሁም በሣጥኑ አንድ ጥግ አቁሙት። ውሃው ጀሪካኑን የሚያቀልጥ ፍል መሆን የለበትም። ማታ በ3 ሰዓት አንድ ጊዜ፤ ከሌሊቱም በ9 ሰዓት ግድም አንድ ጊዜ ውሃው ይለወጥ። ብርዱ የሚጠነክረው ሊነጋ ሲል ነው። ብዙ ሰው የሚያንቀላፋውም በዚያው ሰዓት ነው።

ምግብና ውሃ በመዋያው ይቀመጥ እንጂ በሣጥኑ ውስጥ አይቀመጥ። የፈሰሰ ውሃ ጉዝጓዙን ያረጥባል፤ የረጠበ ጫጩት ደግሞ ከደረቀው በብዙ እጥፍ ይበርደዋል። ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ በሩን ክፈቱ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀኖች ጫጩቶቹ መንገዱን እስኪለምዱ ድረስ በየጊዜው በእጃችሁ ወደ ሣጥኑ መልሷቸው። ከዚያ በኋላ ሲበርዳቸው ራሳቸው ይገባሉ።

ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ጫጩቶቹ እየበዙ ሳይሆን እያደጉ ቦታው ይጠባቸዋል። በዚያን ጊዜ የውስጡን ሣጥንና ድርቆሹን አንሥታችሁ ስፍራውን አስፉላቸው። ትራሱንም ቀን ቀን ማንሣት፤ በኋላም ሌሊቱን በከፊል መክፈት ያለማምዳቸዋል። በአንድ ቀን ከሙቀት ወደ ብርድ ማውጣት ግን መግደል ነው።

5ኛ. ስለ ከሰልና ስለ አምፖል ማስጠንቀቂያ

በብርድ ጊዜ ምድጃ ከሰል አቀጣጥሎ ጫጩት ባለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው። ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ ሲታይ ሰው ደኅና ይመስለዋል፤ መርዙ ግን የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ጫጩቱ ይሞታል፤ በዚያው ቤት የሚተኛው ሕፃንም ይሞታል። የዶሮ ጫጩት እንደገና ይገዛል፤ የሰው ልጅ አይገዛም። ስለዚህ ከሰል ተዘግቶ በሚታደርበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። እሳቱ ውሃ ለማሞቅ ይጠቅም፤ ሙቀቱን ለጫጩቱ የሚያደርስ ጀሪካኑ ይሁን።

መብራት ያላችሁም ልብ በሉ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ብርሃን ይሰጣል እንጂ ጫጩት የሚያሞቅ ሙቀት የለውም። ለማሞቂያ የሚሆነው እየጋለ የሚበራው የቀድሞው ዐይነት አምፖል ወይም ለጫጩት ማሞቂያ ተብሎ የተሠራው ነው። እርሱም ከገለባው እንዳይደርስ በጠንካራ ሽቦ ታስሮ ይሰቀል፤ በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ አይንጠልጠል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የድርቆሹ ትራስና ጀሪካኑ ምን ጊዜም በቅርብ ይኑሩ።

6ኛ. በእናት ሥር ስለሚያድጉ ጫጩቶች

የአገራችን ዶሮ ከማንኛውም ሣጥን የበለጠች አሳዳጊ ናት። ነገር ግን 10 ጫጩት ፈልፍላ 4 ወይም 5 ብቻ ስታሳድግ በየመንደሩ ይታያል። ለዚህ ከጭልፊትና ከበሽታ ጋራ አንዱ ምክንያት የጠዋት ጤዛ ነው። እናቲቱ ማልዳ ወደ ሣሩ ስትወጣ ጫጩቶቹ ተከትለዋት በጤዛው ይርሳሉ፤ ከብርዱም የተነሣ ከኋላ ይቀራሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንቶች እናቲቱን ጤዛው እስኪረግፍ፤ ማለት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ፤ ከነጫጩቶቿ በትልቅ ቅርጫት ሥር በደረቅ ቦታ አቆዩአት። ጥሬና ውሃ እዚያው ይቅረብላት። በብርድ ወራት ከ10 ወይም ከ12 በላይ እንቁላል አታስታቅፏት። ክንፏ ከሚሸፍነው በላይ የሆነው ጫጩት ከውጭ ያድራል።

ከተቻለም ወራቱን ምረጡ። እንቁላል ታቅፎ የሚቆየው 21 ቀን ስለ ሆነ፤ በጥር አጋማሽ የታቀፈች ዶሮ በየካቲት መጀመሪያ ትፈለፍላለች። ያን ጊዜ ውርጩ እያለፈ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብም ገና ሩቅ ነው። ከዚህም ሌላ በየካቲት የተፈለፈለ አውራ ዶሮ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርስላችኋል።

7ኛ. ላደጉ ዶሮዎች የሚሆን ቤት

ያደገችውን ዶሮ ከብርድ ይልቅ የሚጎዳት እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ብርድን ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ የሚደፍን ሰው ዶሮውን በራስዋ ትንፋሽና በኩሷ ሽታ ያሳምማታል። ሕጉ ይህ ነው፦ ከታች ዝግ፤ ከላይ ክፍት። ከወለሉ ጀምሮ ዶሮ ከምትተኛበት በላይ ድረስ ግድግዳው በጭቃ በደንብ ይመረግ። ከጣራው ሥር ግን አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ተትቶ በሽቦ ይሸፈን። መስኮቱና በሩ የጠዋት ፀሐይ ወደሚገባበት ወገን ይዙር፤ ጀርባው ለነፋሱ ይሰጥ።

ቆጡ ከመሬት ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ስፍራ ይበቃል። የቆጡ እንጨት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። ዶሮ ስትተኛ በላዩ ቁጢጥ ብላ ጣቶቿን በደረቷ ላባ ትሸፍናለች፤ በቀጭን ዘንግ ላይ ግን ጣቶቿ ተጠቅልለው ለብርድ ይጋለጣሉ። በ1 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ4 ወይም ከ5 ዶሮ በላይ አይኑር።

ጠዋት በሩን እንደከፈታችሁ በዶሮይቱ ቁመት ልክ ቁጢጥ በሉና አሽትቱ። ዐይናችሁን ካቃጠላችሁ ጉዝጓዙ ረጥቧል፤ የረጠበውን አውጥታችሁ ደረቅ ጨምሩ። እርጥብ ጉዝጓዝ ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የደም ተቅማጥ ያበዛል።

8ኛ. በብርድ ወራት የሚሰጥ ምግብ

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለዶሮም ይሠራል። የሰውነት ሙቀት የሚመነጨው ከምግብ ነው። በሞቃት አገር በቀን 110 ወይም 120 ግራም መኖ የሚበቃት እንቁላል ጣይ ዶሮ በብርድ ጊዜ ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ካላገኘች፤ እንቁላል ልትሠራበት የሚገባውን ምግብ ለሙቀት ታውለዋለች፤ እንቁላሉም ይቀንሳል።

ስለዚህ ማታ ከመስፈሯ በፊት ለእያንዳንዷ ዶሮ ግማሽ እፍኝ በቆሎ፤ ገብስ ወይም ስንዴ ስጡ። ጥሬ በጉሮሮዋ ከረጢት ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ ስለሚፈጭ ሌሊቱን ሙሉ ያሞቃታል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባል የለም? ጠዋትም ከውሃው ላይ በረዶ ወይም ቅዝቃዜ ካለ ተደፍቶ ለብ ያለ ውሃ ይቅረብ። ውሃ ያልጠጣች ዶሮ ምግብም አትበላም።

9ኛ. ዳክዬ ለምታረቡ

በአገራችን ዳክዬ የሚያረባው ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል። ያደገ ዳክዬ ላባው ውሃ ስለማያስገባ ብርድን ከዶሮ ይበልጥ ይችላል። የዳክዬ ጫጩት ግን ያለ እናት ሲያድግ ፀጉሩን የሚቀባው ቅባት ገና የለውም። ወደ ውሃ ቢገባ ረጥቦ በብርድ ይሞታል። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንቶች እንዳይዋኝ ከልክሉት። የመጠጫው ዕቃ አፉንና አፍንጫውን ለመንከር የሚበቃ ጥልቀት ይኑረው፤ ገላው የሚገባበት ስፋት ግን አይኑረው። ዳክዬ ውሃ ስለሚያፈስም ጉዝጓዙን በየቀኑ መለወጥ ያስፈልጋል።

10ኛ. ብርድ ነው ወይስ በሽታ?

የበረደው ጫጩትና የታመመ ጫጩት በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ላባቸውን ነፍተው ይኮማተራሉ። ለመለየት፤ ጫጩቱን በሙቅና በደረቅ ቦታ ለ1 ሰዓት ያህል አቆዩት። በርዶት ከነበረ ይነቃል፤ ወደ ምግቡም ይሄዳል። ካልነቃ፤ ወይም አረንጓዴ ኩስ፤ ማስነጠስ፤ የአንገት መጣመም ከታየበት፤ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለዩት፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ቶሎ ጥሩ። ሙቀት ፈንግልን አያድንም፤ መከላከያው በጊዜው የሚሰጥ ክትባት ነው።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አታስተምሩ። መስከረም ሳያልቅ በአንድ ገበሬ ቤት ጎረቤቶቹን ሰብስባችሁ፤ በመንደሩ በሚገኝ ዕቃ አንድ የድርቆሽ ሣጥን አብራችሁ ሥሩ። ሥራው ላይ የቤት እመቤቶች ይገኙ፤ ጫጩቱን ሌሊት ተነሥተው የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና። ከዚያም በሣጥኑ አጠገብ ወረቀት ስቀሉ፤ የገቡት ጫጩቶች ቁጥር፤ በየዕለቱ የሞቱት፤ ሊነጋ ሲል የተለካው ሙቀትም ይጻፍበት። በ8ኛው ሳምንት ጎረቤቶቹን እንደገና ጥሩና ወረቀቱን አንብቡላቸው። ገበሬ የሚያምነው የጎረቤቱን ቁጥር ነው።

የመመርመሪያ ጥያቄዎች

1. በ1ኛው ሳምንት ጫጩት ስንት ዲግሪ ሙቀት ያስፈልገዋል? በየሳምንቱስ ስንት ይቀነሳል?
2. ጫጩቶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቢሸሹ ምን ትፈልጋላችሁ?
3. ድርቆሹ የማይጠቀጠቀው ስለ ምንድን ነው?
4. የቀላ ፍም በተዘጋ ቤት ውስጥ የማይቀመጠው ለምንድን ነው?
5. የዶሮ ቤት ከላይ ክፍት፤ ከታች ዝግ የሚሆነው ለምንድን ነው?
6. ዛሬ ማታ የራሳችሁን ዶሮ ቤት ስትመለከቱ በመጀመሪያ የምታስተካክሉት የትኛውን ነው?